ጠዋት የተቀጠፈው ቅጠል ለምን አልጠቆረም? ስለ ቅጠል ስታርች፣ ስለ ዛፍ የሌሊት ትንፋሽና ስለ ካርቦን ጉዞ

ጥያቄው፦ «ጂማ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ግን የለንም። ጠዋት ከግቢያችን የቡና ቅጠል ቀጥፌ፣ በፋርማሲ አልኮል አሙቄ፣ አዮዲን ባንጠባጥብበትም አልጠቆረም፤ ቡናማ ሆኖ ቀረ። በዚያው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ‹ዛፍ ቀን ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌሊት መልሶ የሚያወጣ ከሆነ፣ ዛፍ መትከል ለአየር ንብረት ምን ይጠቅማል?› ብላ ጠየቀች። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም። ሙከራውን እንዴት ላስተካክለው? ልጅቷንስ ምን ልበላት?»

መምህርት፣ ለሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልሱ ያለው አንድ ቦታ ነው። አዮዲን የሚጠቁረው ስታርች የሚባለውን የቅጠል የምግብ ክምችት ሲያገኝ ነው፤ አዮዲኑ አልዋሸዎትም። የቀጠፉት ቅጠል ሌሊቱን ስታርቹን ሲፈታ አድሮ ነው ያገኙት፤ ተማሪዋም የጠየቀችው ስለዚሁ የሌሊት ሥራ ነው።

ቅጠል ፀሐይ ሲያገኝ ስኳር የሚሠራው ወደ ሥርና ወደ ፍሬ መላክ ከሚችለው በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ትርፉን እዚያው ስኳሩ በሚሠራበት የሴል ክፍል፣ ክሎሮፕላስት ውስጥ፣ በስታርች መልክ ያስቀምጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያንን ስታርች እየፈታ ከፊሉን ይተነፍሰዋል፣ ከፊሉን ለግንዱ፣ ለሥሩና ለፍሬው ይልካል። ሊነጋ ሲል የቅጠሉ ጎተራ አብዛኛው ተሟጧል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በተቀጠፈ ቅጠል ላይ ጥቁረት መጠበቅ በነሐሴ ጎተራ ውስጥ የታኅሣሥን እህል እንደ መፈለግ ነው። ከዚያው ተክል፣ ከዚያው ቅርንጫፍ፣ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ የተቀጠፈ ቅጠል ግን የተለየ ውጤት ይሰጣል። የጂማ ክረምት ደመና ቀኑን ሙሉ ተጭኖ ሲውል ከሰዓት በኋላም ቢሆን ስታርቹ ሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ፀሐያማ ወቅት ነው።

ሁለተኛው ችግር የቡና ቅጠል መሆኑ ነው። የቡና ቅጠል ወፍራምና በሰም የተሸፈነ ስለሆነ አልኮል ቶሎ አይዘልቀውም። በዚያ ላይ ፊኖል የሚባሉ ውህዶች ስላሉበት ሲሞቅና አየር ሲነካው ቡናማ ይሆናል፤ ያ ቡናማነት ስታርች ቢኖር እንኳ የአዮዲኑን ቀለም ይሸፍነዋል። ከጥላ ሥር የተቀጠፈ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያከማቸው ጥቂት ነው። ስስ ቅጠል ይምረጡ፤ ቦሎቄና ስኳር ድንች በጣም ጥሩ ናቸው። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ትርፉን የሚያስቀምጠው በስኳር እንጂ በስታርች ስላልሆነ መቼም አይጠቁርልዎትም። በቆሎም አይመከርም፤ ስታርቹ የሚገኘው በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ብቻ ስለሆነ መስመር መስመር እየሆነ ተማሪዎችን ያደናግራል።

አሠራሩን እንደሚከተለው ቢቀይሩት እሳትና አልኮልንም ያራርቁታል። አልኮል ከከሰል ምድጃ ወይም ከጋዝ እሳት አጠገብ በፍጹም መሞቅ የለበትም፤ ተኑ ሳይታይ ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል፣ በ70 ተማሪ መካከል ደግሞ ማምለጫ የለም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ፣ ቅጠሉን ይቅጠፉና ወዲያው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ይንከሩት። ጂማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ለሥራው ይበቃል። ፍልውሃው ሴሎቹን ይገድላል፣ ሽፋናቸውን ይከፍታል፣ ስታርቹን የሚፈቱትን ኢንዛይሞችም ያቆማል። በሌላ አነጋገር የቅጠሉ ሂሳብ በዚያች ሰዓት እንዳለ ተዘግቶ ይቀመጣል። ከዚያ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቅጠሉን 96 ወይም 97 በመቶ የሚል ጽሑፍ ባለበት አልኮል ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት አልኮሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ነጣ ያለ ሆኖ ያገኙታል። ያለዎት 70 በመቶ ብቻ ከሆነም ይሠራል፤ ግን አንድ ጊዜ አልኮሉን መቀየርና አንድ ቀን መጨመር ያስፈልጋል። የቤት አረቄ ውሃው ስለሚበዛ ክሎሮፊሉን፣ ይኸውም አረንጓዴውን ቀለም፣ አሟጦ አያወጣውም። እጅ ማጽጃ ጄልም አይሆንም።

አልኮል ውስጥ የቆየ ቅጠል ይደርቅና ይሰባበራል። ለብ ባለ ውሃ ለግማሽ ደቂቃ ሲያልፍ ይለሰልሳል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዮዲንና ስታርች ተጣብቀው የሚሰጡት ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ሙቀት ሲነካው ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ትኩስ ቅጠል ላይ አዮዲን ያንጠባጠበ ሰው «አልሠራም» ብሎ ቅጠሉን ይጥለዋል።

አዮዲኑን ከፋርማሲ ቲንክቸር አዮዲን ወይም ፖቪዶን አዮዲን ገዝተው፣ አንዱን እጅ በአምስት እጅ ውሃ ያቅጥኑት፤ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ሲመስል ይበቃል። በጣም ከወፈረ ራሱ ቡናማ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። ከቅጠሉ በፊት በትንሽ ቡላ ላይ ይሞክሩት። ቡላ ከእንሰት የተጣራ ስታርች ስለሆነ ወዲያው መጥቆር አለበት። ቡላው ካልጠቆረ ጥፋቱ የአዮዲኑ ነው፤ ቡላው ጠቁሮ ቅጠሉ ካልጠቆረ ግን ቅጠሉ እውነቱን እየነገረዎት ነው።

አሁን ሦስት ቅጠል ያዘጋጁ፣ ሁሉም ከአንድ ተክል። አንዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተቀጠፈ፤ ሁለተኛው ከቀኑ 10 ሰዓት የተቀጠፈ፤ ሦስተኛው ተክሉ ላይ እንዳለ ለ2 ቀን በአሉሚኒየም ፎይል ግማሽ አካሉ ተሸፍኖ የቆየና ከቀኑ 10 ሰዓት የተቀጠፈ። ፎይሉ ከላይም ከታችም መሸፈን አለበት፤ ብርሃን በጎን ከገባ ድንበሩ ይደበዝዛል። ቅጠሎቹን ለመለየት በቀለም አይጻፉ፣ አልኮሉ ያጥበዋል። ጠርዛቸውን በመቀስ ይንጩ፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት ንጭ። ቡራቡሬ የጌጥ ተክል ካለዎት አራተኛ ቅጠል ይጨምሩ፤ ነጩ ክፍል ክሎሮፊል ስለሌለው አይጠቁርም።

ይህ ሙከራ ውጤቱን ያሳያል፤ ሥራው ሲሠራ ግን አያሳይም። ለዚያ የሚበልጠው፣ ዋጋውም ቀላል የሆነው፣ የሚንሳፈፉ የቅጠል ክቦች ሙከራ ነው። ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ስትሮ፣ ብርጭቆ፣ ከሂርማታ ገበያ የተገዛ ትኩስ ቆስጣ፣ ቤኪንግ ሶዳና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ሶዳ ያሟሙ፤ ሶዳው ለቅጠሉ የካርቦን ምንጭ ነው። አንድ ጠብታ ሳሙና ይጨምሩ፣ ውሃው የቅጠሉን ሰም እንዲያልፍ። በስትሮው ከቆስጣው ላይ ትልልቁን ጅማት ሸሽተው 10 ክብ ይቁረጡና ስሪንጁ ውስጥ ያስገቡ። ከውሃው ጥቂት ይሳቡ፣ አየሩን ያስወጡ፣ አፉን በጣት ይድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ስበው 10 ሰከንድ ያቆዩት፤ ከዚያ ይልቀቁት። ቅጠሉ ውስጥ የነበረው አየር ወጥቶ ውሃ ይገባበታል። ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ክቦቹ ይሰምጣሉ። ብርጭቆው ውስጥ ገልብጠው ፀሐይ ላይ ያኑሩትና በየደቂቃው የተንሳፈፉትን ይቁጠሩ። ኦክስጅኑ በቅጠሉ ክፍተት ሲጠራቀም ክቦቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ግማሾቹ ላይ ይሆናሉ።

የሚበላሽባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በሶዳ ፈንታ ቤኪንግ ፓውደር ከተገዛ አሲድ ስላለበት ውሃው ይፈላል፣ አረፋው ክቦቹን በሐሰት ያነሣቸዋል። ሳሙና ከበዛም እንዲሁ። ውሃው ፀሐይ ላይ ከሞቀ በውስጡ የሟሟው አየር በጥቃቅን አረፋ እየወጣ ክቦቹ ላይ ይለጠፋል፤ ብርጭቆውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ያድናል። የጠወለገ ቆስጣ አይሠራም። ሶዳ የሌለበት ሌላ ብርጭቆ ጎን ለጎን ይኑር፤ እዚያ ያሉት ተኝተው ይቀራሉ። መጻሕፍት ለዚህ ትምህርት የሚያሳዩትን የውሃ ተክል ፍለጋ ግን ተማሪ ወደ ቦዬ ረግረግ አይላኩ፤ ጉማሬ ያለበት ውሃ ነው።

ሁሉም ከተንሳፈፉ በኋላ ብርጭቆውን በካርቶን ይሸፍኑት። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ክቦቹ መስመጥ ይጀምራሉ፤ ቅጠሉ ያመረተውን ኦክስጅን መልሶ እየተነፈሰው ነው። ተማሪዋ «ሌሊት ያወጣል» ያለችውን ነገር ክፍሉ በዓይኑ ያየዋል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይታረም፦ ተክል የሚተነፍሰው ሌሊት ብቻ አይደለም። ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። ቀን የሚሠራው ከሚተነፍሰው ስለሚበልጥ ትንፋሹ አይታይም እንጂ አላቆመም። ቅጠል በብርሃን ስኳር የሚሠራበት ሂደት፣ የፎቶሲንተሲስ፣ «የጨለማ ምላሽ» የሚባለው ክፍልም ብዙ ተማሪ ሌሊት የሚካሄድ ይመስለዋል። ስሙ ነው ያሳሳተው፤ ብርሃንን በቀጥታ ባይጠቀምም ቀን በብርሃን ከተሠራው ጉልበት ላይ የሚኖር ስለሆነ ሲጨልም እሱም ይቆማል። ኦክስጅኑም የሚወጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ከውሃ ነው፤ ይህ በ1941 ክብደቱ ልዩ በሆነ ኦክስጅን ምልክት ተደርጎበት ተረጋግጧል።

ትንፋሹን ለብቻ ማሳየት ከፈለጉ ኖራ ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ የታጠበ፣ ይኸውም አስቀድሞ በውሃ የጠፋ፣ የኖራ ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ያሳድሩትና ከላይ የጠራውን ውሃ ብቻ ይቅዱ። በሊትር ከ2 ግራም በታች ብቻ ስለሚሟሟ ኖራ መጨመር ጥቅም የለውም። ያልታጠበ ድንጋይ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚፈላ አይጠቀሙ፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ። አንድ ቀን ተነክሮ ማቆጥቆጥ የጀመረ ሁለት እፍኝ ሽምብራ በትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ያድርጉ፣ ከላዩ በትንሽ ሲኒ የኖራ ውሃ ያኑሩ፣ ይክደኑትና ያሳድሩት። ጠዋት የኖራው ውሃ ወተት ይመስላል። ሌላ ብልቃጥ ውስጥ የተቀቀለ ሽምብራና የኖራ ውሃ ይኑር፣ የዚህኛው ውሃ እንደጠራ ያድራል። ከአንድ ቀን በላይ ግን አይቆይ፤ የተቀቀለው ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይበቅሉና እነሱ ራሳቸው ይተነፍሳሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አዋቂ የማይጠይቀው። መልሱ በሂሳብ ይጀምራል። ተክል ከሠራው ስኳር ግማሽ ያህሉን ራሱ ተንፍሶ ይመልሰዋል። ቀሪው ግማሽ የት ሄደ? ቅጠል፣ ሥር፣ ፍሬ፣ ግንድ ሆነ። የቤልጅየሙ ቫን ሄልሞንት ሥራ በ1648 ሲታተም እንደተነገረው፣ 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ 90 ኪሎ ገደማ በሆነ ደረቅ አፈር ውስጥ ተተክላ በ5 ዓመት 77 ኪሎ ሲደርስ ክብደቷ፣ ከአፈሩ የጎደለው 57 ግራም ብቻ ነበር። እሱ ክብደቱ ሁሉ ከውሃ መጣ ብሎ ደመደመ፤ በዚያ ተሳሳተ። የደረቀ እንጨት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ክብደቱ ካርቦን ነው፣ ያም ካርቦን የመጣው ከአየር ነው። ተማሪዎችዎን የዴስካቸውን እንጨት ዳስሰው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቋቸው። አብዛኛው «ከአፈር» ይላል። ይህ ካልተነቀለ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አይተከልም።

እንግዲህ ዛፍ ጎተራ ነው። በየቀኑ ይገባል፣ በየሌሊቱ ይወጣል፤ ዋናው ጉዳይ ጎተራው ውስጥ ምን ያህል ቆሟል የሚለው ነው። የሚያድግ ዛፍ የሚያስገባው ከሚያወጣው ስለሚበልጥ ጎተራው ይሞላል። ያረጀ ደን፣ ለምሳሌ በለጠ ጌራ ውስጥ ያለው ትልልቅ ዛፍ፣ የሚያስገባውና የሚያወጣው እየተቀራረበ ይመጣል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግንዱ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። በዚህ ምክንያት «ያረጀ ደን አይጠቅምም» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ሙሉ ጎተራ ስለሞላ አይቃጠልም። ደኑ ሲመነጠር በብዙ ዓመታት የተጠራቀመው በጥቂት ቀን እሳት ይወጣል፣ አፈሩ ሲታረስ ደግሞ በውስጡ ያለው ካርቦን ለዓመታት እየቀነሰ ይሄዳል። በጥላ ዛፍ ሥር ያለ የጂማ ቡና እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የቡና ቅጠል ከሙሉ ፀሐይ ሲሶ ገደማ ብርሃን ሲያገኝ ስለሚጠግብ፣ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ሳይቆረጡ ሰብል ይሰጣል።

ይህን በገመድና በስልክ ካልኩሌተር ያስቆጥሯቸው። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ይለኩ፤ 126 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለ3.14 ሲካፈል ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ለቁመቱ፣ ተማሪው ከዓይኑ እስከ እጁ ያለውን ርቀት የሚያክል ዱላ ክንዱን ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ የዱላው ጫፍና ግርጌ ከዛፉ ጫፍና ግርጌ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ይሂድ፤ ከቆመበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። 15 ሜትር ሆነ እንበል። እንደ ዋንዛ ላለ ቀለል ያለ እንጨት እፍጋቱን 0.45 ይውሰዱ። ወርዱን በራሱ፣ ከዚያ በቁመቱ፣ ከዚያ በእፍጋቱ፣ በመጨረሻም በ0.054 ያባዙ፦ 40 በ40 በ15 በ0.45 በ0.054፣ ወደ 583 ኪሎ። ይህ ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት ግምት ነው። ከዚህ 0.47ቱ ካርቦን ስለሆነ 274 ኪሎ፤ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለወጥ በ3.67 ሲባዛ 1 ቶን ገደማ። በጣም ትንንሽና በጣም ግዙፍ ዛፎች ላይ ስሌቱ ይዛነፋል፤ ለክፍል ግን በቂ ነው።

ከዚያ በመስኮት ወደ መንገዱ ያሳዩአቸው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ሊትሩ ራሱ ከ1 ኪሎ በታች እየመዘነ እንዴት 2.3 ኪሎ ያወጣል ብለው ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። የካርቦኑ አተም ከአየር ሁለት ኦክስጅን ይዞ ስለሚወጣ ነው። 1 ቶን ማለት 435 ሊትር ነው። አንድ ባጃጅ በቀን 5 ሊትር ይፈጃል ብለን ብንወስድ፣ ያ ዛፍ በብዙ ዓመት የሰበሰበውን በ87 ቀን ይመልሰዋል። ልጅቷ ልትሰማው የሚገባ እውነት ይህ ነው፦ ዛፍ መትከል ይጠቅማል፣ ነዳጅ ማቃጠልን ግን አይተካም።

ለምን አይተካም? የሁለቱ ካርቦን ዕድሜ ስለሚለያይ። በያዩ አካባቢ፣ በጂማም ዞን በደልቢና በሞዬ፣ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል አለ። ያዩ ደግሞ የዱር ቡና ያለበት ደን ነው፣ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ከላይ ያለው ካርቦን በዓመት፣ በአሥር ዓመት፣ በመቶ ዓመት ይዞራል። ከታች ያለው ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የነበረ ተክል ተቀብሮ የቀረ ነው። አባቶች ለክፉ ቀን እህል በጉድጓድ ይቀብሩ ነበር፤ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ እንደዚያ ያለ፣ ግን ማንም ሳያስበው የተዘጋ ጉድጓድ ነው። ከጉድጓድ ወጥቶ ጎተራው ላይ የሚጨመረው እህል ከወትሮው ገቢና ወጪ ውጭ የሆነ አዲስ ነገር ነው።

መጠኑን ይንገሯቸው። የየብስ ተክሎች በዓመት ወደ 120 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ከአየር ይወስዳሉ፤ እነሱና አፈሩ ያንኑ ያህል ይመልሳሉ። ሰው ከነዳጅ 10 ቢሊዮን ያህል፣ ከደን ምንጣሮ 1 ቢሊዮን ያህል ይጨምራል። «ከ120 ጋር ሲነጻጸር 11 ምን አለው?» ይላሉ። 120ው ገብቶ ወጥቷል፣ ምንም አልተረፈም፤ 11ዱ ግን በየዓመቱ ትርፍ ነው። ከዚያ ትርፍ ግማሽ ያህሉን ባሕርና ተክሎች ሲወስዱት ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ በ1958 መለካት ሲጀመር 315 ገደማ፣ በ2024 አማካይ ደግሞ ከ424 በላይ ሆኗል። በዚያ መለኪያ ላይ የዓለም ቅጠሎች ትንፋሽ ራሱ ይታያል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ ደኑ ሲለመልም መጠኑ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ይወጣል። መውጣትና መውረዱ በየዓመቱ ይደጋገማል፣ መሠረቱ ግን እየጨመረ ይሄዳል።

ይህን በቦሎቄ ማጫወት ይቻላል። አንድ ፍሬ 10 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይሁን። «አየር» በሚል ሳህን 88፣ «ተክል» በሚለው 45፣ «አፈር» በሚለው 170 ፍሬ፤ «ባሕር» አንድ ኪሎ ገደማ ቦሎቄ ይወክለው፤ «ጉድጓድ» ደግሞ የታሰረ ከረጢት። በየዙሩ፣ ይኸውም በየዓመቱ፣ 12 ከአየር ወደ ተክል ይሄዳል፤ 6 ከተክል ወደ አየር፣ 6 ከተክል ወደ አፈር፣ 6 ከአፈር ወደ አየር ይመለሳል። አምስት ዙር ይጫወቱት፤ አየሩ 88 እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ከረጢቱ ይፈታና በየዙሩ 1 ፍሬ ወደ አየር ይግባ፣ በየሁለት ዙሩ ደግሞ 1 ፍሬ አንዴ ወደ ባሕር አንዴ ወደ ተክል ይሂድ። በአሥር ዙር አየሩ 93 ይሆናል። ያለፉት አሥር ዓመታት እውነተኛ ጭማሪም ይህንኑ ያህላል።

«ትርፉ ከነዳጅ መሆኑን በምን አወቁ?» የሚል ተማሪ ከተነሣ፦ በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ካርቦን አለ፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ነዳጅ ውስጥ ጨርሶ አልቋል። በአየር ላይ ያለው የካርቦን 14 ድርሻ በዚህ በአሮጌ ካርቦን መቅጠኑ ተለክቷል። የአየሩ ኦክስጅንም ከቃጠሎው ጋር በሚገጥም መጠን በጥቂቱ ቀንሷል፤ እሳተ ገሞራ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታይም ነበር።

ሙቀቱን ለማስረዳት የኮምጣጤና ሶዳ ጋዝ በጠርሙስ ሞልቶ መብራት ሥር የማሞቅ ሙከራ አይመከርም። የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ጋዙ ከባድ በመሆኑ እንደ አየር ስለማይናፈስ ነው፤ ትክክል የሚመስል መልስ በተሳሳተ ምክንያት ይሰጣል። ይልቅስ የጂማን ሌሊት ይጥቀሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምት ደመና ሲጋርድ ይለዝባል። መሬት ሌሊት ሙቀቷን በማይታይ ጨረር ወደ ላይ ትልካለች፤ ደመና፣ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንን ጨረር ይዘው ከፊሉን ይመልሳሉ። ጋቢው ሲወፍር ከሥሩ ያለው ይሞቃል። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለው የኦዞን ጋዝ መሳሳት ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ተማሪዎች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። ለጂማ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ አረቢካ ቡና የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሞቅ የሚመቸው ቦታ ወደ ደጋው ይሸሻል።

ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም። የእኛ ትንፋሽ አየሩን ይበክላል ወይ? አይደለም። የእንጀራው ዓይን የተነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እኛ የምንተነፍሰውም ከጤፉ የመጣ ነው፤ ጤፉ ካርቦኑን ከአየር የወሰደው በቅርቡ ነበር። ሌሊት ክፍል ውስጥ ተክል ማሳደር ይገድላል ወይ? አይገድልም፤ ከተክሉ ይልቅ አጠገብ የተኛው ሰው እጅግ ይበልጥ ያወጣል። የሚገድለው በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ከሰል ነው፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከዚህ ትምህርት ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ይዘው ወደ ቤት ቢሄዱ ይህ ይሁን።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ሰኞ ፎይሉን ያልብሱ። ረቡዕ ማለዳ 12 ሰዓት የመጀመሪያውን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅጠል ቀጥፈው በፍልውሃ አሳልፈው አልኮል ውስጥ ያሳድሩ። ሐሙስ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የቆስጣውን ብርጭቆዎች መስኮት ላይ ይደርድሩ። ክቦቹ እስኪነሡ ባለው ጊዜ ሦስቱን ቅጠሎች ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው፣ የትኛው መቼ እንደተቀጠፈ ሳይናገሩ፣ የአዮዲኑን ጠብታ ለዚያች ጥያቄውን ላነሣችው ልጅ ይስጧት። ሰዓቱን ከቀለሙ ታንብበው።